ዴንማርካዊቷ ሠዓሊና የቁስጥንጥንያዋ ልዕልት
(ለሥዕል ወዳጆች በቃል ከቀረበ በኋላ ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ በ1875 ስለ ተሳለ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ሠዓሊዋ ዴንማርካዊት ናት። የተሳለችው ደግሞ ከግብፅ ገዥዎች ቤተሰብ የተወለደችውና በቁስጥንጥንያ፣ በዛሬዋ ኢስታንቡል፣ ያደገችው ልዕልት ናዝሊ ሐኒም ናት። ሥዕሉ የሚጠራው በእርሷ ስም ነው። እኔ ግን ናዝሊ እዚያ ሥዕል ውስጥ የለችም ባይ ነኝ፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ይህን ለማስረዳት ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በሠዓሊዋ አገር የመኳንንት ሴቶች እንዴት ይሳሉ እንደ ነበር ማየት ይበጃል። ዴንማርክ አሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን የተቀበለችው በመከራ ነው። በ1807 የእንግሊዝ ጦር ኮፐንሃገንን በመድፍ አነደዳት፤ በ1813 የመንግሥቱ ካዝና ከሰረ፤ በተከታዩ ዓመት ኖርዌይ ከእጇ ወጣች። ዴንማርካውያን ዛሬ የሥዕላቸው ወርቃማ ዘመን የሚሉት እንግዲህ በዚህ ድህነት መካከል የበቀለውን ነው። የዘመኑ አባት ክሪስቶፈር ቪልሄልም ኤከርስበርግ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ከታዋቂው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ከዳቪድ ዘንድ የተማረ ሰው ነበር። በ1817 ኮንት ፕሬበን ቢለ ብራህን ከሁለተኛ ሚስቱ ከዮሃና ካሮሊና ጋር በአንድ ሸራ ላይ ሣላቸው። ሥዕሉ አሁን ኮፐንሃገን በሚገኘው ኒ ካርልስበርግ ግሊፕቶቴክ ሙዚየም ውስጥ ነው።

የኤከርስበርግን የመልክ ሥዕሎች ያየ ሰው ጠባያቸውን ቶሎ ይለየዋል። ብርሃኑ ጥርት ያለ ነው፤ የቡሩሽ ዱካ አይታይም፤ ሐሩ ሐር፣ ሱፉ ሱፍ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ሰዎቹ አይቅበጠበጡም፤ የእመቤቲቱ ክብር የሚነበበው ከተትረፈረፈ ጌጥ ሳይሆን ከአቀማመጧ ነው። አንዳንዴማ የመኳንንቱን ሚስት ከሀብታም ነጋዴ ሚስት መለየት ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ በመጣው በ1849ኙ ሕገ መንግሥት ከማዕረግ ጋር የተያያዘው ልዩ መብት ሁሉ ተሻረ፤ ሥዕሉ ከሕጉ ቀድሞ ነበር ማለት ይቻላል። ለእኛ የሚያስፈልገን ግን ሌላ ነጥብ ነው። በዚያ አገር አንዲት የመኳንንት ሴት ለሠዓሊ ስትቀመጥ የምትለብሰውን የምትመርጠው፣ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚሸፈን የምትወስነው ራሷ ወይም ቤተሰቧ ነበር። ገንዘቡን የሚከፍሉት እነርሱ ናቸውና።

አሁን ወደ ሠዓሊዋ ልሂድ። ኤሊዛቤት ባውማን በ1819 ዋርሶ አጠገብ ከጀርመናውያን ቤተሰብ ተወለደች። ሥዕል የተማረችው በጀርመን አገር በዱሰልዶርፍ ነው። በ1845 ወደ ሮም ተሻገረች፤ እዚያም ዬንስ አዶልፍ ዬሪካው ከሚባል ዴንማርካዊ ቀራጭ ጋር ተዋውቃ በተከታዩ ዓመት አገባችው። በ1849 ባሏን ተከትላ ኮፐንሃገን ገባች። ዘጠኝ ልጆች ወለደች። ባሏ የተከበረ ቀራጭ ነበር፤ ነገር ግን እብነ በረድ በየወሩ እንጀራ አያበላም፤ የቤቱ ወጪ በአመዛኙ የወደቀው በእርሷ ቡሩሽ ላይ ነበር። ስለዚህ ሥዕሎቿን ጠቅልላ በየአገሩ ትዞራለች፤ በ1852 ሥራዎቿን ለንደን ድረስ ወስዳ በንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መንግሥት አሳይታለች። ተረት ሰብሳቢዎቹን ወንድማማቾች ግሪምን በ1855 አንድ ላይ ሣለቻቸው፤ ባለተረቱን ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንንም ስላዋለች። ዛሬ በየቦታው የምናያቸው የእነዚህ ሰዎች መልኮች በከፊል የእርሷ እጅ ሥራ ናቸው።

ኮፐንሃገን ግን እጇን ዘርግታ አልተቀበለቻትም። በ1844 የሥነ ጥበብ ሊቁ ኒልስ ላውሪትስ ሆየን ሠዓሊዎች ወደ አገራቸው ገበሬ፣ ወደ አገራቸው ሜዳና ባሕር እንዲመለሱ የሚያሳስብ ንግግር አድርጎ ነበር፤ የብዙዎቹ ተቺዎች ጆሮ ያዘነበለው ወደዚያ ነው። ከ1848 ጀምሮ ደግሞ ዴንማርክ ስለ ሽሌስዊግና ሆልሽታይን ግዛቶች ከጀርመኖች ጋር ትዋጋ ነበር። ዱሰልዶርፍ የተማረች፣ ፖላንድ የተወለደች፣ ጀርመንኛ የምትናገር፣ ቀለሟ የደመቀና ስሜቷ የጎላ ሴት በዚህ ሰዓት ስትመጣ ምን እንደሚጠብቃት መገመት አያስቸግርም። ምላሿ ደፋር ነበር። በ1851 ዴንማርክን ራሷን በሴት መልክ ሣለቻት፦ ባንዲራ ተሸክማ፣ ሰይፍ ታጥቃ፣ በእህል ማሳ መካከል እየተራመደች የምትሄድ ብርቱ ሴት። ያ ሥዕል ግሊፕቶቴክ ውስጥ ይገኛል፤ ዴንማርካውያን የእናት አገራቸውን መልክ ሊያስታውሱ ሲፈልጉ ዛሬም የሚያወጡት እርሱን ነው። ወደ አገሪቱ ከመጣች ገና ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት መጤ የሣለችው መሆኑን ስንቱ እንደሚያስታውስ እንጃ።

በ1864 ዴንማርክ በፕሩስያና በኦስትሪያ ተሸነፈች። ሽሌስዊግን፣ ሆልሽታይንንና ላወንቡርግን አጣች። አገሪቱ ይበልጥ ወደ ውስጥ ተሸማቀቀች፤ ለባዕድ ነገር የነበራት ትዕግሥትም አነሰ። ኤሊዛቤት ግን በ1869 ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ምሥራቅ ተነሣች። ሃምሳ ዓመቷ ሊሞላ ነው። ቁስጥንጥንያን፣ አቴናን፣ ሰምርኔስን (የዛሬዋን ኢዝሚር)፣ ግብፅን ልታይ ነው።

በእጇ የያዘችው ወረቀት ከቀለሟ ይበልጥ ዋጋ ነበረው። የዴንማርክ ንጉሥ ልጅ አሌክሳንድራ በጊዜው የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ሚስት ናት፤ በዚያው ዓመት ከባሏ ጋር ቁስጥንጥንያን ጎብኝታለች። ለሠዓሊዋ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ሰጠቻት። ያ ደብዳቤ የናዝሊ አባት የሙስጠፋ ፋዚል ፓሻን ሐረም፣ ማለትም የቤቱን ሴቶች መኖሪያ፣ በር አስከፈተ።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ለመረዳት በአውሮፓ ስለ ሐረም ይሳል የነበረውን ማስታወስ ይገባል። ባዕድ ወንድ ሐረም አይገባም። ሆኖም በጣም የታወቁትን የሐረም ሥዕሎች የሣሉት ወንዶች ናቸው። ፈረንሳዊው አንግር ራቁታቸውን የተቀመጡ ሴቶች የታጨቁበትን የቱርክ መታጠቢያ ቤት ሥዕሉን ሲጨርስ ሰማንያ ዓመት አልፎት ነበር፤ የቱርክን ምድር ግን በሕይወቱ ሙሉ ረግጦት አያውቅም። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብላ የኖረች የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት ከጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ነው ነገሩን የቃረመው። እንግዲህ ዴንማርካዊቷ ወንዶቹ በምኞት ብቻ የሚያዩትን ቤት በራሷ እግር ልትገባበት ነው። ከእርሷ በፊትም እንደ ፈረንሳዊቷ ሄንሪየት ብራውንና እንደ እንግሊዛዊቷ ሜሪ አዴሌድ ዎከር ያሉ ሴቶች ገብተው ሥለዋል፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነበር።

በሩ ሲከፈት ያገኘችው ማን ነበር? ናዝሊ በ1853 የተወለደች የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። የዘመናዊት ግብፅ መሥራች የሙሐመድ ዓሊ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። አባቷ ሙስጠፋ ፋዚል ተራ ሀብታም አልነበረም። የግብፅ አልጋ ከወንድሙ ከእስማኤል ቀጥሎ የእርሱ ነበር፤ በ1866 ግን እስማኤል የግብፅ የበላይ የነበረውን የኦቶማን ቱርክ ሱልጣን አግባብቶ የውርስ ሕጉን አስለወጠ፤ አልጋው ከአባት ወደ በኩር ልጅ እንዲያልፍ ተደረገ። ሙስጠፋ ፋዚል ፓሪስ ገባ፤ ከዚያም ሆኖ ሕገ መንግሥት የሚፈልጉትን «ወጣት ኦቶማናውያን» የተባሉትን ወገኖች በገንዘብ ደገፈ፣ ለሱልጣኑም ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ናዝሊ ያደገችው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ትናገራለች። የምትለብሰው ደግሞ፣ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ የኦቶማን ትልልቅ ቤት ሴቶች፣ የፓሪስ ልብስ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ሠዓሊዋ በወጣቷ ውበት ተማረከች፤ ለባሏና ለልጆቿ በጻፈችው ደብዳቤ በፍቅሯ እንደ ወደቀች ነው የነገረቻቸው። ቀሚሷን ግን አልወደደችውም። ከኮፐንሃገን ድረስ የተጓዘችው እዚያው አውሮፓ የተሰፋ ቀሚስ ለማየት አልነበረም! የፈለገችው ሐር፣ ዕንቍ፣ ስስ ሻሽ፣ የጥንቱ ዓይነት ሱሪና ወርቅ ዘቦ ነው። በአጭሩ፣ ድግስ ተጠርቶ የራሱን ወጥ ይዞ እንደሚመጣ እንግዳ የራሷን ሐረም ከአገሯ ይዛ መጥታ ነበር።

ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። አንዲቱ የወጣትነቷ ዘመን ወደ ፊት የሚሄድ መሆኑን የምታሳየው በቀሚሷ ነው፤ የለበሰችው ልብስ የቤተሰቧን ፖለቲካ ሳይቀር ይናገራል። ሌላይቱ ያንን ቀሚስ ልታስወልቅ ትፈልጋለች። የመጀመሪያይቱ ባለ ቤት ናት፤ ስለዚህ በ1869 ልዕልቲቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ በምታይበት ክፍል ሠዓሊዋ የፈለገችውን ሁሉ ማድረግ አትችልም ነበር። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ፊቷን በዓይነ ርግብ ሸፍና አደባባይ የምትወጣን ሴት በሥዕል ገልጦ በአደባባይ ማሳየት፣ ለቤተሰቧ ያው ዓይነ ርግቡን በመንገድ ላይ እንደ መግፈፍ ነው። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ሥዕሉ የት እንደሚሰቀልና ማን እንደሚያየው አጥብቀው ይጠይቁ የነበረው ለዚህ ነው።

በ1874 ሠዓሊዋ እንደገና ወደ ምሥራቅ ሄደች። አሁን ልጇ ሃራልድም አብሯት ነው፤ እርሱም ሠዓሊ ነበር። እንግዲህ የናዝሊን ስም የያዘው ትልቁ ሸራ የዚህ ጊዜ ሥራ ነው። በዚህ ሸራ ላይ የፓሪሱ ቀሚስ የለም። ሴቲቱ በደማቅ ጨርቆች መካከል ጋደም ብላለች፤ ቀለሙ ሞቅ ያለና ወርቃማ ነው። ሥራው እጅ የሚያስቆረጥም ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ሆኖም ከወንዶቹ ሠዓሊዎች የሕልም ሐረም ልዩነቱ ምንድን ነው? አንግር ሳያይ የሣለውን፣ እርሷ አይታ ስታበቃ ደገመችው።

ለማነጻጸር ያህል ሌላ ሥዕሏን ልጥቀስ። በኮፐንሃገን የሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ በጊዛ ሸክላ የምትሸጥ ግብፃዊት ሥዕል አለ፤ ከ1876 እስከ 1878 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ሻጯ ከማሰሮዎቿ አጠገብ መሬት ላይ ጋደም ብላ፣ ጌጧን አጥልቃ፣ ወደ ተመልካቹ ትመለከታለች። ገበያ የሚያውቅ ሰው ይፍረድ፤ ጋደም ብላ ሸክላ የምትሸጥ ሴት የት ታይታ ታውቃለች? ልዕልቲቱም ሸክላ ሻጯም በአንድ ዓይነት አኳኋን ተኝተዋል። በሕይወት ሳሉ ምናልባት በአንድ መንገድ የማይሄዱ ሁለት ሴቶች ሸራው ላይ አንድ ሆኑ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ለአውሮፓዊው ሥዕል ገዢ «ምሥራቅ» ናቸው። ይህችው ሠዓሊ አንዲትን የዴንማርክ ኮንት ሚስት እንዲህ አጋድማ ብትሥል ኖሮ ኮፐንሃገን ውስጥ ጉድ ይፈላ ነበር።

ትፈረድ የሚል ካለ ግን ቆም ይበል። ይህች ሴት የምትሸጠው ለለንደንና ለፓሪስ ገበያ ነበር፤ ገበያው የሚጠይቃትም ሐረም ነው። በፓሪስ ቀሚስ የተቀመጠች የኦቶማን ልዕልት ለገዢው ምኑም አይደለችም፤ የራሱን እኅት ትመስለዋለቻ። ዘጠኝ ልጆች ያሳደገች ሴት ይህን ሒሳብ ሳታውቅ አልቀረችም። በአገሯም ሁለት ጊዜ ባዕድ ነበረች፤ በትውልዷ አንድ፣ በሥዕሏ ስሜታዊነት ሁለት። እኔን የሚገርመኝ ባዕድ መባል ምን እንደሆነ በራሷ ላይ ያየችው ሠዓሊ ናዝሊን ለማየት ሲሆን ያንን ዕውቀት አለመጠቀሟ ነው። ሌሎች ይህን ድፍረት ይሉታል፤ በወንዶች ብቻ ይነገር የነበረውን የውበት ቋንቋ አንዲት ሴት ነጥቃ ተጠቀመችበት ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እኔ ግን ሚዛኔ ወደ ናዝሊ ያደላል።

እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ከመንገዴ ልውጣ። የናዝሊ አጎት የሆነው እስማኤል ለእኛ እንግዳ ሰው አይደለም፤ የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ነው። ሥዕሉ በተሳለበት በዚያው በ1875፣ በኅዳር ወር፣ ወደ ኢትዮጵያ የላከው ጦር በጉንደት በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ። የዚያ ጦር አዛዥ ሶረን አዶልፍ አሬንድሩፕ የሚባል የዴንማርክ መኮንን ነበር። ሕመሙ በሞቃት አገር ይሻለው እንደ ሆነ ብሎ ግብፅ የመጣ፣ በኋላም በከዲቩ ጦር ውስጥ የተቀጠረ ሰው ነው፤ ጉንደት ላይ ሞተ። ከዚያች ትንሽ አገር ተነሥተው ወደ ሙሐመድ ዓሊ ቤት የሄዱ ሁለት ዴንማርካውያን፣ አንዲቱ ቀለም ይዛ፣ አንዱ ጎራዴ ይዞ። የናዝሊ አባት ሙስጠፋ ፋዚልም አልጋውን ሳያገኝ የሞተው በዚያው ዓመት ነው። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

የናዝሊ ጋብቻ ደግሞ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አናምነውም ነበር። በ1872 ገደማ ያገባችው ሐሊል ሸሪፍ ፓሻ የኦቶማን ዲፕሎማት ነው፤ በ1860ዎቹ ፓሪስ ተቀምጦ ቁማር ይጫወትና ሥዕል ይገዛ ነበር። ከገዛቸው ሥዕሎች አንዱ የትኛው ይመስላችኋል? ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአንግር የቱርክ መታጠቢያ ቤት! በ1868 ስብስቡን በጨረታ ሸጠው፤ ሥዕሉ ዛሬ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነው። ከአንድ ቤት ሁለት ሥዕል፦ ባል የኦቶማን ሴቶችን የሕልም ሥዕል በገንዘቡ ይገዛል፣ ሚስት ደግሞ ራሷ የሕልም ሥዕል ሆና ትሸጣለች።

ሐሊል በ1879 ሞተ። ናዝሊ ከዚያ በኋላ ካይሮ ገባች፤ ለእኔ እውነተኛው መልኳ የሚጀምረው እዚያ ነው። በቤቷ ወንዶች እንግዶችን ፊቷን ሳትሸፍን ትቀበል ነበር። ማን ያልመጣ አለ! የሃይማኖት ተሐድሶ አራማጁ ሼኽ ሙሐመድ አብዱህ፣ በኋላ የግብፅ ነጻነት መሪ የሆነው ሰዓድ ዘግሉል፣ በ1899 ስለ ሴቶች ነጻነት ጽፎ ካይሮን ያናወጠው ቃሲም አሚን፣ እንግሊዛዊው የግብፅ አስተዳዳሪ ሎርድ ክሮመር ሳይቀሩ ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጠዋል። ግማሾቹ ሌሎቹን አይወዱም፤ እርሷ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ታወያያቸው ነበር። በ1900 የቱኒዝያ ሰው አገባች፤ ሰውየው ከእርሷ ሞት በኋላ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። በ1913 ዐረፈች።

ፎቶግራፍ የመነሣት ልማድም ነበራት። ከፎቶግራፎቿ መካከል የወንድ ልብስ ለብሳ የተነሣችው አለ፤ በሐረም ሥዕሎች ላይ የምትቀልድ ነው የሚመስለው። ካሜራ ፊት ስትቆም ምን እንደምትለብስና እንዴት እንደምትቆም የምትወስነው ራሷ ናት፤ የኤከርስበርግ የኮንት ሚስት የነበራት መብት እርሷም ዘንድ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። የዴንማርኳ ሠዓሊ ያንን ፎቶግራፍ ብታየው ምን ትል ነበር? የጉዞ ማስታወሻዋን በ1881 አሳትማ በዚያው ዓመት በኮፐንሃገን አረፈች። ሃራልድ ከእርሷ ሦስት ዓመት ቀድሞ ሮም ውስጥ ሞቶባት ነበር።

ከሞተች በኋላ የዴንማርክ የሥዕል ታሪክ ለብዙ ጊዜ ወደ ጎን አድርጓት ቆየ፤ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን፣ በተለይ ሴት ተመራማሪዎች ሐረሞቿን አጥንተው ስሟን አንሥተዋል። ኮፐንሃገን የምትሄዱ ሰዎች ከላይ የጠቀስኳቸውን ሥራዎች በሁለቱ ሙዚየሞች ጠይቁ። መጀመሪያ የኮንቱን ሚስት፣ ቀጥሎ ባንዲራ የተሸከመችውን፣ በመጨረሻ ሸክላ ሻጯን ብታዩ በቅደም ተከተሉ የምለው ነገር ይበልጥ ግልጽ ይሆንላችኋል። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ፤ በእኔ ሚዛን የማይስማማ ካለ ደግሞ ከእርሱ እንጀምር።